ሲታዘዝ ብቻ የሚታተም

«ሁለት ነን፤ እኔና ታናሽ እህቴ። እናታችን ሁለት ነው የወለደችው።»

መጋረጃ ሰፊዋ ወንድሟ ይህን ሲናገር የሰማችው ከኩሽና ነው። የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ገርበብ ካለው በር ኋላ ቆማ ቀረች። ሳሎን ውስጥ አንዲት የመጽሔት ጋዜጠኛ መቅረጫዋን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ታናግረዋለች። ወንድሟ የግል ትምህርት ቤት ባለቤት ነው፤ ሰሞኑን አዲስ ሕንጻ ሊያስመርቅ ስለሆነ አስተዳደጉ ሳይቀር ሊጻፍለት ነው። ጋዜጠኛዋ «ስንት ናችሁ?» ያለችው እንዲያው ለወግ ያህል ነበር፤ እሱም የመለሰላት ሰዓት እንደተጠየቀ ሰው ቀለል አድርጎ ነው። እናትየው አጠገቡ ተቀምጣለች። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፣ እሷ ግን ሻይዋን ታማስላለች። ቀና ብላ «ሦስት» አላለችም፤ ለይምሰል እንኳ ጉሮሮዋን አልጠረገችም። ጋዜጠኛዋ የተባለችውን ጻፈችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

ሦስት ነበሩ እንጂ። ከወንድምየውና ከሰፊዋ መሃል አንዲት ሌላ ነበረች፤ ቤተሰቡ መካከለኛዋ ይላት ነበር፣ እኛም እንደዚያው እንበላት። መካከለኛዋ ትምህርቷን እንደጨረሰች አእምሮዋን ታመመች። ሐኪም ቤት አመላልሰው ሲታክታቸው የጓሮውን ክፍል አጸዱላት፣ መስኮቱን መጋረጃ ጋረዱበት፣ በሩን ከውጭ ቆለፉት። ለጎረቤት «አክስቷ ጋ ሄደች» ተባለ፤ ቆየት ብሎ «ውጭ አገር አግብታለች» ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ጠያቂም ጠፋ። ብዙ ዓመት እዚያ ኖረች፣ እዚያው ሞተች። ታዲያ ይህቺ ሰው ቀንም ሌሊትም ስትጮህ የኖረች እንዳይመስላችሁ። ደህና በሆነችባቸው ቀናት የጎረቤቱን ሁሉ ሳል እየቀዳች ታናሿን በሳቅ ታፈርሳት ነበር፤ የልብስ ስፌትንም ለታናሿ ያስተማረቻት እሷ ናት፣ ከአልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ። እጇ እንዲህ ነው የማይባል ነበር። ሰፊዋ ዛሬ እንጀራዋን የምትበላበት ሙያ ከዚያ ክፍል የወጣ ነው።

እናም ሰፊዋ መጽሐፍ ጻፈች። በሱቋ ውስጥ፣ በመጋረጃ ክምር መሃል፣ ደንበኛ በሌለ ሰዓት፣ በአንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ በአንድ ጣቷ እየለቀመች። ማንንም ልትከስስ አልነበረም የጻፈችው። እህቴ ነበረች፣ ትስቅ ነበር፣ ልብስ ትሰፋ ነበር፣ አንድ ሰው እንኳ ይወቅልኝ ነው ያለችው፤ ሌላ ጉዳይ የላትም። ሲያልቅ አንድ ቀን እራት ላይ ለቤተሰቡ ተናገረች። ወንድምየው፣ ጋሼ ነው የምትለው፣ የአባት ያህል ያሳደጋት ሰው ነው፣ አፉን ጠረገና «በርቺ» ብሎ ተነሳ። እናት አንገቷን ደፋች። ከዚያ ወዲያ ስለ መጽሐፉ በዚያ ቤት ትንፍሽ ያለ የለም። ጥል ቢነሳ ይሻላት ነበር፤ ዝምታው ግን ምግብ ሲቀርብ አብሮ ይቀርባል፣ ሲነሳ አብሮ ይነሳል።

ምክር የሰጣት መጽሐፍ ሻጩ ነው፤ የሱቁን መጋረጃ ስትቀይርለት የተዋወቀችው አስም ያለበት ሽማግሌ። ጽሑፉን በወረቀት አሳትማ አምጥታለት በአንድ ቅዳሜ ጨረሰው፤ ስትመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፣ አቧራ ነው አለ፤ ወረቀቱም እሱው ጋ ቀረ። ከዚያ ቁጭ አድርጎ አስረዳት። ድሮ ደራሲ ሺህ መጽሐፍ አሳትሞ አልጋው ስር ከምሮ እላዩ ላይ ይተኛ ነበር። ዛሬ ሲታዘዝ ብቻ የሚያትሙ አሉ፤ አንባቢ ይጠይቃል፣ መጽሐፍ መደብሩ ያዛል፣ እነሱ አንዷን አትመው ይልካሉ፣ ክምር የሚባል ነገር የለም። ግን ሁለት ነገር ሳትጠይቂ እንዳትፈርሚ አላት። አንደኛ፣ ለመጽሐፍ መደብሮች ያከፋፍላሉ ወይ? ሁለተኛ፣ ያልተሸጠውን መልሰው ይወስዳሉ ወይ? ተመላሽ የማይቀበል አሳታሚ ያተመውን መጽሐፍ እኔም ብሆን መደርደሪያዬ ላይ አላወጣም፣ እያወቅኩ ገንዘቤን አላስርም አለ። ሁለቱን ጥያቄዎች እንደ ትዕዛዝ ያዘቻቸው። ሰፊ ናት፤ ልክ ከተሰጣት ከልኩ ወዲህም ወዲያም አትልም።

ያን ዕለት ጠዋት እንግዲህ፣ ጋዜጠኛዋ ከሄደች በኋላ፣ ሰፊዋ ሱቋን ሳትከፍት ቦርሳዋን አንግታ አሳታሚ ፍለጋ ልትወጣ ስትል እናቷ በረንዳው ላይ ደረሰችባት። የሚያብረቀርቅ የአድራሻ ካርድ እጇ ላይ አኖረች። «እነዚህን ሞክሪያቸው፤ ጥሩ ናቸው ይላሉ» አለቻት፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም፣ ወደ ቤት ተመለሰች። ሰፊዋ ሆዷ ባባ። ሳሎን ውስጥ አፏን ዘግታ የተቀመጠች እናት ከበር ውጭ ሲሆን ወደ እሷ ወገነች ማለት ነው! ወንድ ልጇን ፈርታ ነው እንጂ ልቧስ መካከለኛዋን መቼ ረስቷት? አንድም ቀን ስለ መካከለኛዋ አንስታላት የማታውቅ እናት ናት፤ ይህቺን ካርድ ሰፊዋ የይቅርታ ያህል ቆጠረቻት። ካርዷን ከቦርሳው ሳይሆን ከጡት መያዣዋ ስር ወሸቀቻት።

እንዲያም ሆኖ ዝም ብላ ወደዚያ አልሄደችም፤ ሳታወዳድር ክር እንኳ የማትገዛ ሰው ናት። መጀመሪያ አውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ያለ ማተሚያ ቤት ገባች። ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል፣ ወለሉ በወረቀት ቅዳጅ ተሸፍኗል። ባለቤቱ በቀለም የተለወሰ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አንድ አንድ እያልኩ አላትምም፣ ሺህ አትሜ አስረክብሻለሁ፣ ሽያጩ ያንቺ ፋንታ ነው አላት። የነገራት ዋጋ የሁለት ክረምት የመጋረጃ ገቢዋን ጠራርጎ የሚወስድ ነበር። ስለ ምንድን ነው ብሎ ጠየቃት፣ ነገረችው፤ ጆሮውን አከክ አደረገና «ቤተሰብ ያውቃል?» አለ። ያውቃል አለችው። ሰውየው ደስ ያለው አይመስልም፤ እሷም የሚያቆያት ነገር ስላልነበረ አመስግናው ወጣች።

ሁለተኛዎቹ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ያለች ጠባብ ክፍል የተከራዩ ሁለት ጎረምሶች ናቸው። አንድ ማሽን አላቸው፣ እሱም ግማሹን ክፍል ይዞታል፤ ደንበኛ ሲመጣ አንደኛው ተነስቶ ወንበሩን ይለቃል። ሲታዘዝ ብቻ ነው የምናትመው አሏት፣ ደስ አላት። ያከፋፍላሉ ወይ ብላ ጠየቀች፤ በራሳቸው ሞተር ብስክሌት ለጥቂት ሱቆች ያደርሳሉ፣ ከዚያ አያልፉም። ተመላሽስ? ተያዩና ተሳሳቁ። ተመላሽ ከተቀበልን በማግስቱ ማሽናችን ይሸጣል፣ አቅሙ የለንም እህታችን አሏት። እነሱም ስለ ምን እንደሆነ ጠየቋት። ስትነግራቸው አንደኛው ሳቁ ከፊቱ ጠፋ፣ የማሽኑን ክዳን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። «የእኔም አክስት…» አለና ተወው። ደረጃው ድረስ ሸኛት። እዚያ ላይ ነው የልቡን የተናገረው፤ «መደብሮቹ ባይወስዱትም እኛ እናትመው ነበር። ለኛ ስጪን።» ሰፊዋ አመነታች። ልጁ አሳዘናት፣ ደስም አላት። ግን መጽሐፍ ሻጩ የሰጣት ልክ አለ፤ እነዚህ ልጆች በሁለቱም ጥያቄ ወድቀዋል። አስቤበት እመለሳለሁ አለችው፤ እንደማትመለስ እሱም ገብቶታል።

ካርዱ ላይ ያለው አድራሻ ከፊት ለፊት መስታወት የለበሰ ሕንጻ ነበር። አሳንሰሩ ድምፅ የለውም፤ ሲቆም ራሱ መቆሙ አያስታውቅም። ገና ስሟን ለእንግዳ ተቀባይዋ ነግራ ሳትጨርስ «አዎ፣ ይግቡ» ተባለች፤ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ግን ግድግዳውን ተደግፈው ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ይል ነበር፤ እሷ ግን ዕድሌ ዛሬ ተቃና አለች። የገባችበት ክፍል ምንጣፉ እግር ይውጣል። መደርደሪያው ላይ የተማሪ መማሪያ መጻሕፍት በየክፍሉ ተደርድረዋል፤ የሽፋኖቹን ቀለም ታውቃቸዋለች፣ የወንድሟ ትምህርት ቤት ልጆች ደረታቸው ላይ አቅፈዋቸው ሲወጡ በየቀኑ ታያለች። ታዲያ ምን አለች መሰላችሁ? ትምህርት ቤት የሚያምነው ድርጅት ከሆነማ ቁም ነገረኛ ነው አለች። አይ ሰው!

ያነጋገረቻት አዘጋጅ ለስለስ ያለ ድምፅ ያላት፣ ጥፍሯን በልክ የቆረጠች ሴት ናት። ውሃ አስመጣችላት። ሰፊዋ ጥያቄዎቿን እንደ ተማሪ ደርድራ ጠየቀች፤ ለመጽሐፍ መደብሮች ታከፋፍላላችሁ? በሁሉም ከተማ ላሉ መደብሮች። ያልተሸጠውን መልሳችሁ ትወስዳላችሁ? ሁሉንም፣ አንዲት ሳንቲም ካንቺ ሳንጠይቅ። ማሳተሚያውስ? በኛ ወጪ። ሰፊዋ ልቧ ዘለለ። እስከዛሬ የትም ሄዳ ነገር እንዲህ ተስተካክሎ ጠብቋት አያውቅም፤ ጨርቅ ስትገዛ እንኳ ጫፉ ላይ አንድ ቀዳዳ አይጠፋም። አንድ ነገር ብቻ ገረማት፤ ሴትየዋ መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ቀለም የለወሰው ሰውዬ ጠይቋል፣ ጎረምሶቹም ጠይቀዋል። ይህቺ ግን ያንን ሳትጠይቅ ውሉን አስቀድማ አትማ አዘጋጅታለች። ሰፊዋ ለማያውቁት ሰው የእህቷን ነገር ደጋግማ ከመተረክ ስለዳነች እንዲያውም እፎይ አለች።

ውሉን ግን አነበበችው፤ ማንበብስ አነበበች፣ ሰነፍ አይደለችም። ስለ ማከፋፈል የሚለውን ገጽ በጣቷ እየተከተለች ጨረሰች። ስለ ተመላሽ የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበች። ሁለቱም እንደተባለው ነው፣ እንከን የለባቸውም። የቀሩት ገጾች ጽሑፋቸው ደቀቅ ያለ ነው፤ የማሳተም መብት፣ የውል ዘመን፣ ምን ምን የሚሉ ናቸው፣ ገለጥ ገለጥ አድርጋ አለፈቻቸው። ፈረመች። ጽሑፉ ያለበትን ፍላሽ አስረከበች። አዘጋጇ ፍላሹን መሳቢያዋ ውስጥ አስገብታ ቆለፈች፣ ከዚያ እንደ ዋዛ «ሌላ ሰው እጅ ያለ ቅጂ አለ እንዴ?» አለች። ሰፊዋ አንዲት የወረቀት ቅጂ መጽሐፍ ሻጩ ጋ እንዳለች ነገረቻት። ያንን ብታመጪልን፣ የተለያየ ቅጂ ገበያ ላይ እንዳይምታታ ነው አለቻትና በር ድረስ ሸኘቻት። አሳንሰሩ ሲዘጋ ሴትየዋ ስልኳን ስታነሳ አየቻት።

ወደ መጽሐፍ ሻጩ የሄደችው በእግሯ ነው፣ አውቶቡስ ለመጠበቅ እንኳ አላስቻላትም። መንገድ ላይ ከንፈሯ ሳታዝዘው ፈገግ ይላል። በየሱቁ መስኮት መጽሐፏን ታየዋለች፤ ሽፋኑ ላይ ምን ዓይነት ጨርቅ ይሳል እያለች ታማርጣለች። ሽማግሌው ሲያያት ገና ከደጅ ገብቶት «ተሳካ?» አለ። ሁለቱንም ይቀበላሉ አለችው፣ ማከፋፈሉንም ተመላሹንም። ጥሩ ነው፣ እነማን ናቸው አላት። የድርጅቱን ስም ስትነግረው መነጽሩን አወለቀ። እጁን ዘርግቶ ውሉን ተቀበላት፤ እሷ ያነበበቻቸውን ገጾች አልፎ በቀጥታ ወደ ኋለኞቹ ገባ። ትንፋሹ ይፏጭ ጀመር። ሰፊዋ ቆማ ትጠብቃለች፣ ከንፈሯ ላይ ያለው ፈገግታ ወዴት እንደሚሄድ ግራ ገብቶት እዚያው ቀርቷል።

ውሉን አጥፎ ያዘው። ከዚያ በቀስታ፣ ራሱን እንደሚወቅስ ሰው፣ ማስረዳት ጀመረ። እነዚህ ሰዎች ያከፋፍላሉ፣ እውነት ነው። ተመላሽም ይወስዳሉ፣ እውነት ነው። ግን አንድ የውሃ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ የነበረ ሰውዬ ለነሱ የሰጠው መጽሐፍ አለ፤ ስለ ቀድሞ መሥሪያ ቤቱ የጻፈው፤ የመሥሪያ ቤቱን ደረሰኝ ሁሉ የሚያትሙትም እነሱው ናቸው። ሽማግሌው አንድ ደንበኛው ጠይቆት መጽሐፉን ካዘዘ ስንት ዘመን ሆነው። ያዝዛል፣ «በመታተም ላይ ነው» ይሉታል። መልሶ ያዝዛል፣ በመታተም ላይ ነው። የለም አይሉም፣ አናትምም አይሉም። ዝርዝራቸው ላይ ከነዋጋው አለ። ክምር ስለሌለ ማንም መጋዘን ገብቶ ባዶ ነው ሊል አይችልም። ሒሳብ ሠራተኛው ሌላ ጋ ላሳትም ብሎ ከሷቸው ነበር፤ ውሉ መብቱ የሚመለስልህ መጽሐፉ ከገበያ ሲጠፋ ነው ይላል፣ መጽሐፉ ደግሞ ሲታዘዝ የሚታተም ስለሆነ ከገበያ አይጠፋም ተባለና ተሸነፈ።

«ያንቺም ውል ያው ነው» አላት ሽማግሌው። «ዕድሜ ልክ ይላል። ሌላ ቦታ አንዲት ገጽ ብታሳትሚ ይከሱሻል።»

ሰፊዋ ጎረምሶቹን አሰበች፤ ደረጃው ላይ ቆሞ ለኛ ስጪን ያላትን ልጅ። የመጻሕፍት ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው ጥፋቱ የኔ ነው፣ ለነጋዴ የሚጠቅመውን ብቻ ነግሬሽ ለደራሲ የሚጠቅመውን ረሳሁት አለ። ከዚያ ማን ነው ወደነሱ የላከሽ ብሎ ጠየቃት። እናቴ አለችው። ወደ ጓዳ ገብቶ የወረቀት ቅጂዋን አወጣ፣ አገላብጦ አየው፣ መልሶ ይዞት ገባ። ሲመለስ እጁ ባዶ ነበር። ከጠየቁሽ ሽማግሌው ጠፋብኝ ብሏል በያቸው አላት፤ ማንም ካንቺ እጅ ጠፋ አይልም፣ ከኔ ነው የጠፋው።

ቤት የደረሰችው ገና ፀሐይ ሳትገባ ነው። እናቷ በረንዳው ላይ የታጠበ ልብስ ታጣጥፋለች፤ አንዱን ካንዱ ጠርዝ ለጠርዝ እያገጠመች፣ ሳትቸኩል። የወንድሟ መኪና ግቢው ውስጥ የለም። ሰፊዋ መንገዱን ሙሉ ለእናቷ ስትከራከርላት ነው የመጣችው። ጋሼ ነው ካርዱን የሰጣት፣ አታውቅም፣ እሷም እንደኔ ተታልላለች፣ ደህና ናቸው ሲሏት አመነች። ልትነግራት ነው፣ አቅፋት ልታለቅስ ነው፤ ከመካከለኛዋ ቀብር ወዲህ አብረው አልቅሰው አያውቁም። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና አጠገቧ ተቀመጠች። የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዘችላት።

እናት ቀና ብላም አላየቻት። «መጽሐፍ ሻጩ ጋ ያለውን ወረቀትስ ተቀበልሽው?» አለቻት።

ሰፊዋ ስለዚያ ወረቀት በዚህ ቤት ለማንም ተናግራ አታውቅም። በሕይወቷ የነገረችው ለአንዲት ሴት ነው፣ ለዚያችው አዘጋጅ፣ ዛሬ። አንሶላው እጇ ላይ ከበደ። ብዙ ነገር ልትናገር ፈለገች፤ የወጣላት ግን «እማዬ፣ አንቺ ነሽ?» የሚል ብቻ ነበር።

እናት አንሶላውን ከእጇ ወስዳ ብቻዋን አጠፈችው። በክርኗ ዳመጠችው፣ ክምሩ ላይ ጫነችው። ሕንጻው እስኪመረቅ የሰው አፍ ውስጥ መግባት አይገባም፣ ወንድምሽ እናንተን ለማሳደግ ወጣትነቱን በልቷል፣ እኔም ከእንግዲህ በሰላም ልሙት አለች። ድምጿ የተቆጪም የለማኝም አልነበረም፤ ስለ ቤት ወጪ እንደምትነጋገር ነበር የምታወራው። ሰፊዋ መጽሐፌን ቀበራችሁት አለቻት፣ ሰው አያየውም፣ እሷን የሚያውቃት ሰው አይኖርም።

ያን ጊዜ ነው እናቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ያነሳችው፤ ከልቧ የገረማት ይመስላል።

«ማን ቀበረብሽ? መጽሐፉ አለ አሉሽ አይደለም እንዴ?» አለች። «ምን ሆነብሽ? እሷንም እኮ የትም አልጣልናትም፤ እዚሁ ነበረች።»